የሳነቴ ቁልቁለትና የሸዋርጋ ፍሬን

ሸዋርጋ የምትፈራቸው ነገሮች ሁለት ነበሩ፤ ቁልቁለትና ጋራዥ።

ቁልቁለት ማንንም ያስፈራል። ጋራዥ መፍራት የጀመረችው ግን ሮቤ አንድ ቦታ ጎማ አስቀይራ ወደ ጎሮ ስትሄድ፣ በደንብ ያልጠበቀ ብሎን ተፈትቶ ጎማው እየተወላገደ መንገድ ዳር ካስቀራት ቀን ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ አሮጌ ፒካፕዋን ሌላ ሰው አላስነካችም። ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች ዘይት መለወጥ፣ ካንዴላ ማጽዳት፣ የፍሬን ሸራ መቀየር ተማረች። የምትተዳደረው የሃረናን የጫካ ቡናና ማር ሮቤ አምጥታ በመሸጥ ስለሆነ፣ መኪናዋ ቆመች ማለት ኑሮዋ ቆመ ማለት ነው።

አንድ ሐሙስ የፍሬኑ ፔዳል ከወትሮው ዝቅ አለባት። ጎባ ውስጥ በፍሬን ሥራ የታወቁት ኦቦ ቀነዓ በስልክ «እስከ ሰኞ ተይልኝ» አሏት። ቅዳሜ ደግሞ ከሳነቴ ተራራ ማዶ፣ ሃረና ጫካ ውስጥ ባለችው ሪራ ቡና ለቃሚዎቹ ይጠብቋታል። በዚያ ላይ የጎሮው መንገድ ትዝ አላት። «ራሴ እሠራዋለሁ» ብላ ወሰነች።

እዚህ ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ደግሞም ሲያውቁት ደስ የሚል ነገር ነው። ፔዳሉን የሚረግጥ እግር ጎማውን በቀጥታ አይዘውም። አንዲት ትንሽ ፓምፕ ዘይት ትገፋለች፤ ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ሄዶ ጎማው ጋ ያለውን ሸራ ከሚሽከረከረው ብረት ጋር ያጣብቃል። ዘይት ቢጫኑት አይጨመቅም፤ እዚህ የተሰጠውን ግፊት እዚያ ያደርሳል። ቡና የጫነ መኪና በአንዲት ሴት እግር የሚቆመው በዚህ ነው። አየር ግን ይጨመቃል። ቱቦው ውስጥ አየር ከገባ የእግር ጉልበት እሱን በመጭመቅ ያልቅና ፔዳሉ ይላላል።

ሸዋርጋም የጠረጠረችው አየር ነው። ታላቅ እህቷን እታፈራሁን መሪው ጋ አስቀመጠችና እሷ አየሩን ልታስወጣ መፍቻ ቁልፍ ይዛ ከሥር ገባች።

«እርገጪ፣ እትዬ። ያዢው። እስክነግርሽ አትልቀቂ።»

«ተኝተሽ ታላቅሽን ታዢያለሽ» አለች እታፈራሁ። «እናታችን ይህን ባየች።»

«አትልቀቂ አልኩ እኮ።»

ጥቂት አረፋ ወጣ፤ ፔዳሉም ጠጠረ። ሸዋርጋ ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ላይ ፈጠን ብላ ነድታ ድንገት ረገጠችው። መኪናዋ ቀጥ አለች። ሁለቴ፣ ሦስቴ ሞከረችው፤ ልቧ ረጋ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር፤ የሜዳ ሰው ስህተት ነው። ሮቤ ሜዳ ናት። ባጃጅ ሲገባበት፣ የአህያ ጋሪ ሲያቋርጥበት የሮቤ ሰው ፍሬኑን ረገጥ ያደርግና ይለቃል። እግሩን ጭኖ የሚያቆይበት ምክንያት የለውም። ቁልቁለት ግን ለረገጥ ለቀቅ አይመችም፤ እግርን አሳርፎ መያዝ ይጠይቃል።

ቅዳሜ ጠዋት «ማሩን የምቀምሰው እኔ ነኝ» ብላ እታፈራሁም ተሳፈረች። ከጎባ በኋላ ያለው ዳገት ነው፤ ፍሬን አይፈልግም። የሳነቴ አናት ደግሞ ረጃጅም የጅብራ ተክል የቆመበት፣ ጉም የሚመላለስበት ሜዳ ነው። ሸዋርጋ ያን ሁሉ መንገድ ፍሬን ስለመያዝ ሳታስብ ነዳች። ሜዳው ጫፍ ላይ ግን መሬቱ ድንገት ያልቅና መንገዱ ወደ ሃረና ጫካ እየተጠማዘዘ ይወርዳል።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እግሯን ጫነች። ፔዳሉ ጠጣር ነበር። ከዚያ ከእግሯ ሥር ቀስ እያለ፣ ሊጥ ውስጥ እንደሚገባ ጣት፣ ሰመጠ። ለቃ ደግማ ረገጠች፤ ጠጠረ፤ እንደገና ሰመጠ። መኪናዋ ፍጥነት ጨመረች። በስተግራ ከጉም በቀር የሚታይ ነገር የለም። ማርሹን ወደ አንድ መለሰች፤ ሞተሩ አጓራ። የእጅ ፍሬኑን ስባ የመኪናዋን ጎን ከተራራው አፈር ጋር አፋተገች። ቆሙ።



«ለምን ቆምን?» አለች እታፈራሁ፣ መልሱን እያወቀች።

«ፍሬን የለንም።»

ሸዋርጋ መኪናዋን በኋላ ማርሽ ወደ ሜዳው መለሰቻት። ከፊት የሃረና ቁልቁለት አለ፤ ከኋላ የወጡት የጎባ ዳገት አሁን ቁልቁለት ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ሳነቴ አናት ላይ፣ በሁለት ገደል መካከል ታገቱ።

«ቁልፉም ዘይቱም አለሽ» አለች እታፈራሁ ጋቢዋን እየጠቀለለች። «እኔ እረግጣለሁ፤ የሐሙሱን እንድገመው። ዛሬ ብታዢኝም አልቆጣም።»

ሸዋርጋ ቁልፉን አነሳች። የዘይቱን ዕቃ ከፍታ አየች፤ አልጎደለም። ከሥር ተንበርክካ ጎማዎቹን ዳሰሰች፤ ደረቅ ናቸው። ዘይት ካልወጣ አየር በየት ይገባል? አየር ካልገባስ ሐሙስ ያዳነችው የቱን በሽታ ነው? ፍሬኑ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለች፤ ለምን እንደሚሰምጥ ግን አታውቅም። ይህ ከገደሉ ይልቅ አስፈራት። ደግማ ብትሠራው ደግሞ ይጠጥራል፤ እሷም ደግማ ታምነዋለች።

ቁልፉን አስቀምጣ ኔትወርክ ፍለጋ አንድ ጉብታ ላይ ወጣችና ኦቦ ቀነዓ ጋ ደወለች።

«ኢንተላ ኮ» አሏት ኦቦ ቀነዓ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «መኪናዋ በቆመችበት እርገጪና አትልቀቂ። ምን ይሆናል?»

«ሞክሬዋለሁ። ቀስ ብሎ ይወርዳል።»

«ዘይቱስ ጎድሏል?»

«አልጎደለም።»

«እንግዲያው ፓምፗ ናት። እዚያው ቆዪ፤ እንዳትነጂ። ወደ ዶሎ መና በሚወርደው ሚኒባስ እመጣለሁ።»

ጉሙ ተገልጦ ደግሞ ከተከደነ በኋላ ኦቦ ቀነዓ ፓምፕ በፌስታል ይዘው ከሚኒባስ ወረዱ። አሮጌዋን ፈትተው ከውስጧ የተበላ ትንሽ የጎማ ቀለበት አወጡና ሸዋርጋ መዳፍ ላይ አስቀመጡላት። ቶሎ ሲረግጡት ዘይቱ ለመሹለክ ጊዜ አያገኝም፤ ጭነው ሲያቆዩት ግን በተበላው ጎማ ጎን ሾልኮ ወደ ዕቃው ይመለሳል። ለዚህ ነው አንዲት ጠብታ ያልፈሰሰው። ሸዋርጋ ፍርሃቷን ለአፍታ ረስታ ጎማውን እያገላበጠች አየችው።

ሥራው ሲያልቅ ዓይኗ ብሎኖቹ ላይ ቀረ።

«ደግመሽ አጥብቂ» አሏት። «አልቀየምም።»

አንድ በአንድ አጠበቀች። ኦቦ ቀነዓ ደግሞ በሩን ከፍተው መሃል ገቡ።

«እርስዎም ሊወርዱ ነው?»

«ፍሬን የሠራ ሰው የመጀመሪያውን ቁልቁለት አብሮ ይወርዳል። የእኔ ደንብ ነው።»

«እኔስ ምን ሠርቼ ነው የምወርደው?» አለች እታፈራሁ፤ ግን ገባች።

መታጠፊያው ላይ ሸዋርጋ እግሯን ጫነች። እስኪሰምጥ ጠበቀች። አልሰመጠም። ጭና ወረደች፤ ጭና ታጠፈች፤ ፔዳሉ ካለበት አልተነቃነቀም።

«እዚሁ አቁሚ» አሉ ኦቦ ቀነዓ።

ገደሉ አፍ ላይ፣ አፍንጫዋ ወደ ታች እንደተደፋ፣ መኪናዋ ቆመች። ሸዋርጋ ዞር ስትል የኦቦ ቀነዓ ሁለት እጆች ዳሽቦርዱን ጨብጠዋል።

«ኦቦ ቀነዓ፣ እርስዎም ይፈራሉ?»

«አልፈራም ያልኩሽ መቼ ነው?» አሉ፣ እጃቸውን ሳያነሱ። «ንጂ።»