ጀት ውስጥ የገባች ሽቦ

ከአገሬ ወጥቼ ካምዎክያ በሚባል ሰፈር ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ጋሽ ታደሰ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «የሞተር ሳይክል ካርቡራተር ፈትተህ ታውቃለህ?»

«እንዴታ!» አልኩ። ውሸቴን ነው። አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት የናፍጣ መኪና ላይ ነው፤ ናፍጣ ደግሞ ካርቡራተር የለውም። ለአንድ የሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ለቦዳ ብዬማ ሰው አልጠይቅም አልኩ በልቤ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል ያልሰማሁ ይመስል።

የመጀመሪያ ደንበኛዬ ሳሎንጎ ነበር፤ መንታ የወለደ አባት እዚህ በዚህ ስም ነው የሚከበረው። ቦዳው ቆሞ ሲሠራ ደህና ነው። የኮሎሎን ዳገት ሲጀምር ግን ያስነጥሰውና ይጠፋል። የቤንዚኑን ቧንቧ ዘጋሁ፣ ካርቡራተሩን አወረድኩ፣ ከሥሩ ቤንዚን የሚጠራቀምባትን ሳህን በካቻቪቴ ፈታሁ። ዝቃጭ ሞልቷታል። የቦዳ ነጂዎች ቤንዚን ሊያልቅባቸው ሲል ሞተሩን በጎኑ አስተኝተው የመጨረሻዋን ጠብታ ያወርዳሉ፤ ዝቃጩም አብሮ ይወርዳል።

ጀቷ ተደፍናለች። ጀት ቤንዚን ተለክቶ የሚያልፍባት፣ መሃሏ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት። ጋሽ ታደሰ «በንፋስ ንፋት፤ እምቢ ካለች ማጽጃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ጠብቅ» ብለውኝ ምሳ ሄዱ።

መጠበቅ ሰለቸኝ። ከሽቦ ብሩሽ አንዷን ነቀልኩና ቀዳዳዋን ፈተግኳት። ተከፈተች። ሞተሩ ዳገቱን እንደ ጉድ ወጣው። ሳሎንጎ እጄን ጨብጦ «ወባሌ ሴቦ!» አለኝ፤ አመሰግናለሁ ጌታዬ ማለቱ ነው።

በሳምንቱ ተመለሰ። ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ጥላሸት ለብሷል። ጠረግኩለትና «ቤንዚንህ ነው» አልኩት። ደግሞ መጣ። «አነዳድህ ነው» አልኩት። ሽቦዋ ትዝ ሳትለኝ ቀርታ አይደለም፤ አፌ ተያዘ።

አርብ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ። «ሰኞ ልጄ ግሬስ ጋባ ሰፈር የክፍል ማለፊያ ፈተና አለባት። እኔ ነኝ የማደርሳት። ያደርሰኛል?»

«ያደርስሃል፣ አትስጋ» አልኩት።

አላደረሰውም። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሞተሩን እየገፋ መጣ፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል። መንገድ ላይ ቀርተው ነበር። ልጅቷ ሮጣ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል፤ የመጀመሪያው ፈተና አመለጣት።

ጋሽ ታደሰ ጀቷን አወጡና ከአዲስ ጀት ጎን ወደ ብርሃን አንስተው አዩዋት። የእኔዋ ጀት ቀዳዳ ሰፍቷል። ያለ ልክ የገባው ቤንዚን ነው ካንዴላውን ያጨቀየው።

«ሽቦ አስገብተሃል?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ አልናገርልህም። ራስህ ንገረው።»

በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ፣ ቃል እየጠፋኝ ነገርኩት። አፈርኩ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳሎንጎ አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ሴቦ፣ አርብ ብትነግረኝ ኖሮ በጎረቤቴ ቦዳ እልካት ነበር» አለ። ግሬስ ያን ክፍል ደገመች።

አሁን አርጅቼ ሥራ አቁሜ ቡኮቶ ሰፈር ተቀምጫለሁ። ወገቤ አልቋል፣ ዓይኔም የጀት ቀዳዳ አይለይም። ሰው ግን መች ይተወኛል! «ጋሼ፣ እቤቴ ላጸዳው ነው፣ እንዴት ላድርግ?» እያለ ይደውላል። ደክሞኝም ቢሆን እመልሳለሁ፤ የምለውም ያው ነው። ቧንቧውን ዝጋ። የቀረውን ቤንዚን አንጠፍጥፍ። ላስቲኮቹን አውጣ፣ ማጽጃ ያበላሻቸዋል። ጀቷን በንፋስ ንፋ፣ እምቢ ካለች ዘፍዝፈህ ሌላ ሥራህን ሥራ።

ሽቦ አታስገባ። ካስገባህም በዚያው ቀን ለባለሞተሩ ንገረው።