በቤቴ ላይ የተጫረቱት ሐጂ

የቤቴን በር በከፈትኩ ቁጥር አንድ ሰው አመሰግናለሁ። ማን እንደሆነ ስነግራችሁ፣ ቆቦ ላይ የሚያውቁን ይስቃሉ።

ቤቱን የገዛሁት በሽማግሌ ፊት፣ በመንደር ውል ነበር። ሁሉን የማሰላ ሰው ስለሆንኩ ለስም ማዛወሪያ የሚወጣውን አስልቼ «ምስክር እያለ ምን ያደርጋል» ብዬ ተውኩት። ለካ ሻጩ በስሙ በቀረው ካርታ ከባንክ ተበድሮ ኖሯል። መክፈል ሲያቅተው የሐራጅ ማስታወቂያ በሬ ላይ ተለጠፈ።

«እኔ እኮ ገዝቼዋለሁ!» ብዬ ባንክ ሄድኩ።

«አባቴ፣ መዝገቡ የሚያውቀው እሱን ነው» አለኝ ሠራተኛው።

ድጋሚ የምገዛበት አቅም አልነበረኝም። በሐራጁ ቀን ጎረቤቶቼ «በሰው ቤት መጫረት ነውር ነው» ተባብለው ሳይጫረቱ ቀሩ። አንድ የዋጃ ነጋዴ ግን ዋጋ ጠራ። ይሄኔ በአጥር ድንበር ስንካሰስ የኖርነው ጎረቤቴ ሐጂ ይማም ተነሥተው ጨመሩበት። ነጋዴው ሲጨምር እሳቸውም ሲጨምሩ፣ ቤቴ የሐጂ ሆነ።

ስወጣ ሐጂ ደጅ ላይ ጠበቁኝ።

«ና ማዘጋጃ ቤት፣ በስምህ ይመዝገብ። ገንዘቤን ማሽላህን እየሸጥክ ትመልሳለህ።»

«ሐጂ፣ ለእኔ ብለው?» አልኩ።

«ወላሂ ለአንተ ብዬ አይደለም!» አሉ ከዘራቸውን እያወዛወዙ። «በዚያ ቁልቋል አጥር ስንት ዘመን ተሟገትን? በዚህ ዕድሜዬ ከማላውቀው ሰው ጋር ከሀ ልጀምር?»