ሠላሳ አራት ዓመት ዝም ያለች ቁልፍ

ማኖይ ቴሪዮ የቤተ ክርስቲያናችንን ኦርጋን ሊጫወቱ በባዶ እግራቸው ነበር የሚቀመጡት፤ «ማኖይ» በእኛ ቋንቋ «ጋሼ» ማለት ነው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጉና ከኋላ ወናፉ አየር እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ ቁልፎቹን አያዩም፤ ዓይናቸው በመስኮቱ በኩል ባሕሩ ላይ ነው። ቀኝ እጃቸው ዜማውን ሲመራ ግራው ዘንጎቹን እየሳበ ድምፁን ያወፍረዋል፣ ያቀጥነዋል፤ መቼ እንደሳቡት ግን አይታይም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከመዘምራኑ ጋር ሰገነቱ ላይ ስለምቆም ይህን ሁሉ ከሁለት ክንድ ርቀት አይቻለሁ።

አንዲት ቁልፍ ድምፅ አልነበራትም። በአንድ የዝናብ ወቅት ጣሪያው አፍስሶ ድምፅ የሚወጣበት ቧንቧዋ ታፈነ፤ ለሠላሳ አራት ዓመት ከአምስት ወር እንዲሁ ቀረች። ቁልፏ የምታስፈልገው ለከተማችን ጠባቂ ቅዱስ በምንዘምረው ውዳሴ፣ በየአንቀጹ ሁለተኛ ስንኝ መሐል ነው። እዚያ ሲደርሱ ማኖይ ቴሪዮ ጣታቸውን አንስተው ይቆያሉ፤ ሕዝቡም ይተነፍሳል። ከዚያ ይቀጥላል። እኔም መዝሙሩ እንዲህ ተደርጎ የተሠራ ይመስለኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የደብሩን መዛግብት ስረከብ፣ በብራና በተጻፈው የጥንት የዜማ መጽሐፍ ላይ ያ ድምፅ በቦታው ተጽፎ አገኘሁት።

«ማኖይ፣ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ድምፅ ሰርቀውናል» አልኳቸው።

«እኔን ሌባ ከምትዪ ቧንቧውን ክሰሺው፣ ኢንዳይ ልጄ።» ሳቅ አሉ። «አባቴ ሲጫወታት ሰምቻለሁ። ሳልሞት አንድ ቀን ሕዝቡ ከእኔ ጋር ሙሉውን ቢዘምርልኝ ደስ ይለኛል።»

ሐኪሙ ስለ ሳንባቸው የነገራቸው በዚያው ወር ነበር።

በየካቲት ኦርጋን ጠጋኝ መጥቶ ቧንቧዋን አጸዳው። የቅዱሱ በዓል በግንቦት ነው። ከበዓሉ በፊት ባሉት ዘጠኝ ቀናት ማኖይ እኛን መዘምራኑን እዚያ ላይ ሳንተነፍስ እንድንዘምር በየማታው አለማመዱን። የዜማ መሪያችን ማናይ (እትዬ) ሉሲና አኮረፉ።

«በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ሳንባ ከየት ላምጣ? እኔ እኮ የምተነፍሰው እዚያ ላይ ነው!»

«ለሐሜት ሲሆን መች ትተነፍሻለሽ?» አሏቸው ማኖይ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ እስከ ደጁ ሞላ። የመጀመሪያው ስንኝ አለፈ። ሁለተኛው ላይ የማኖይ ትከሻ ከፍ ሲል አየሁ፤ ጣታቸው በቁልፏ ላይ ወረደ።

ታች ያለው ሕዝብ እንደ ልማዱ ተነፈሰ። ሲተነፍስ ማናይ ሉሲናም ተነፈሱ፣ መዘምራኑም ተከተሉ፤ ዘጠኝ ቀን የተለማመድኩት እኔም ተነፈስኩ። በዚያ ሁሉ ዝምታ ውስጥ የኦርጋኑ ድምፅ ብቻውን ወጣ። ቀጭን ነበር፣ ጥርት ያለ። ከእፍረቴ የተነሳ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ጣታቸው ገና አልተነሳም ነበር፤ ታች ደግሞ ብዙ ሰው አንገቱን አቅንቶ ወደ እኛ ያያል።

ውዳሴው ሰባት አንቀጽ አለው። በሰባቱም እኛ ተነፈስን፣ እሳቸው ተጫወቱ።

ከቅዳሴ በኋላ ይቅርታ ልጠይቃቸው ቀረብኩ። «ማኖይ፣ ሁላችንም አበላሸንብዎ።»

«ምኑን?» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ዕድሜ ልኬን ከእናንተ ጩኸት ሥር ስጫወት ኖሬ ዛሬ ገና ተሰማሁ። እንዳታርሚያቸው።»

«ሰማችሁ? ጩኸት አሉን!» አሉ ማናይ ሉሲና።

ማኖይ በጥቅምት አረፉ። አሁን ለአዲሱ ተጫዋች ዜማውን እየገለበጥኩለት ነው። የብራናው መጽሐፍ በዚያ ድምፅ ሥር «ኦ» የምትል አንዲት ቃል አለችው፤ የቆየ ጽሑፍ መለወጥ ደግሞ በሙያዬ ነውር ነው። ሁለት ቀን ብዕሬን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ ቃሏን ሳልገለብጥ ትቼ «እዚህ ላይ ሕዝቡ ይተነፍሳል፤ ኦርጋኑ ብቻውን ይሰማል» ብዬ ጻፍኩ፤ ለውጡ ያለ ምንጭ እንዳይቀር የበዓሉን ቀንና የማኖይ ቴሪዮን ሙሉ ስም ከግርጌው አሰፈርኩ።