የእግሩ መንቀሳቀስ

ጣራ ሠሪ ነበር። ቆርቆሮ ላይ እንዳሻው ስለሚራመድ የሰፈሩ ሰው «ድመቱ» ይለዋል። ድመት ስትወድቅ በእግሯ ታርፋለች ይባላል፤ እሱ ግን ከሁለተኛ ፎቅ ወድቆ በጀርባው አረፈ። ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ከዳው።

በአራተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት፣ ሚስቱ ውስጥ እግሩን በቀዝቃዛ ጨርቅ ስትጠርግለት ቀኝ እግሩ እጥፍ ብሎ ወደ ሆዱ ተሰበሰበ። የውሃው ሳፋ ተገለበጠ።

«ተንቀሳቀሰ! አየኸው አይደል?»

«እኔ እኮ አላንቀሳቀስኩትም» አለ ግራ ገብቶት። «መንካትሽንም አላወቅኩም።»

እሷ መች ሰምታው! በባዶ እግሯ ወጥታ ለጎረቤት ሁሉ አዳረሰች፤ ለታናሽ እህቱም ደወለች። ከዚያ ሰው ለምና አሸክማ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ ስታደርገው እግሩ ተፈናጠረ። ሚስቱ ሳቀች። ባለሙያዋ አልሳቀችም።

«የኔ እህት፣ የጋለ ድስት ሲነካሽ እጅሽን አስበሽ ነው የምትሰበስቢው?»

«ኧረ የት! ሳላውቀው ነው እንጂ።»

«አየሽ፣ ወሬው ከቆዳሽ ተነስቶ በነርቭ በኩል ጀርባሽ ውስጥ ህብለ ሰረሰርሽ ጋ ይደርሳል። እሱም አንጎልን ሳይጠብቅ ጡንቻውን ያዘዋል። አንጎል የሚሰማው ኋላ ነው። የባለቤትሽ ህብለ ሰረሰር መሀል ጀርባው ላይ ተጎድቷል። ከዚያ በታች ያለው ለብቻው ይሠራል፤ ግን ወሬው ወደ ላይ አይወጣም፣ የአንጎሉም ትእዛዝ ወደ ታች አይወርድም።»

«ታዲያ ቀስ በቀስ…»

«እንዲህ መሰብሰቡ መዳን አይደለም» አለች ባለሙያዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ባሏ «ነግሬሽ ነበር» እንኳ አላላትም። ያ ይበልጥ አንጀቷን በላት።

በነጋታው እህቱ መጣች። ከበሩ ጀምራ እያለቀሰች ትስቃለች።

«እስቲ ለኔም አሳየኝ፣ ወንድም ጋሼ! ሥራዬን ጥዬ የመጣሁት ለዚህ ነው።»

እሱ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። ሚስቱ ደግሞ የእህቱን ፊት አየች። ይህን ፊት እያየች ምን ብላ ትጀምር? ግርጌው ቁጭ አለችና እጇን ብርድ ልብሱ ሥር ሰዳ ውስጥ እግሩን በጥፍሯ ጫር አደረገችው።

ብርድ ልብሱ ብድግ አለ።

«ተመስገን!» እህቱ ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች። መሳሟንም አላወቀም።

«አንዴ ደግሞ፣ በሞቴ!»

እሱ ዓይኑን ጨፈነ። ሚስቱ እጇን መልሳ ሰደደች።