ጉተማ በጭልፋ የገለበጣት ሸረሪት

ጎረቤቴ ጉተማ፣ ለቡ ዳር ዛሬ ፎቅ በቆመበት መሬት ላይ ጤፍ ያርስ የነበረ ሰው ነው። በቀረችው ግቢ ሦስት ክፍል ሠርቶ ያከራያል። አንዷን የያዘችው ፌኔት የምትባል የባዮሎጂ ተማሪ ናት። ባለፈው ክረምት ጅማ ልትሄድ ስትል የመስታወት ሳጥን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«አባባ፣ ለአምስት ቀን አደራ። ውኃዋን ብቻ ይሙሉላት። የመመረቂያ ጽሑፌ እሷ ላይ ነው፤ ሌላ የለኝም።»

ሳጥኑ ውስጥ መዳፍ የምታክል፣ ጸጉራም ሸረሪት ነበረች። ታራንቱላ ይሏታል፤ ከቆላ ጫካ የመጣች ናት። እኔ አልዋሽም፣ ከበሩ አላለፍኩም። ጉተማ ግን አደራ ከተባለ ጅብም ቢሆን ይጠብቃል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እየሮጠ መጣ።

«ሙሉሰው፣ ና እስቲ እይልኝ! በጀርባዋ ተንጋላለች።»

በመስኮት አየሁ። ስምንቱም እግሮቿ ወደ ላይ ናቸው።

«ሞታለች። ሳትሸት ጣላት» አልኩት።

«አንዱ እግሯ ይርገበገባል እኮ!»

ፌኔት ጋ ደወለ፤ ስልኳ ጥሪ አይቀበልም። እሱም እኔም ግራ ገባን። ጉተማ አርባ ዓመት ከበሬ ጋር የኖረ ሰው ነው። በሬ ቦይ ውስጥ ተንጋሎ ከወደቀ፣ ሆዱ ተነፍቶ ሳይሞት ቶሎ ገልብጦ ማቆም ነው፤ ስንቱን እንዲህ አትርፏል። ስለዚህ የወጥ ጭልፋ አመጣና «አይዞሽ» እያለ ገልብጦ በእግሯ አቆማት።

በማግስቱ ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሸረሪቶች ነበሩ። አንዷ ደርቃ ባዶ ቀፎ ሆናለች፤ አንዷ ፈዘዝ ብላ ጥግ ይዛለች።

«ወለደች እንዴ?» አለኝ።

«ልጅ እናቱን አክሎ ይወለዳል?» አልኩት።

ከዚያ ጉተማ እግሮቿን ቆጠረ። ሰባት እግር ብቻ ነው ያላት፤ ስምንተኛው ቀፎው ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል።

ፌኔት ተመልሳ ሳጥኑን ስታይ ፈገግ አለች። «ቆዳዋን ቀየረች! መቀየሪያዋ ሲደርስ በጀርባዋ ትተኛለች፤ ያኔ መነካት የለባትም» አለች። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «እግሯስ?»

«አንዳንዴ ያጋጥማል» አልኩ ፈጠን ብዬ፣ የማላውቀውን። ማንም አይደርስበትም ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ጉተማ። «በጭልፋ ገለበጥኳት። አደራሽን በላሁ።»

ልጅቷ አለቀሰች። ትንሽ ቆይታ «አባባ፣ ቆዳዋን ደግማ ስትቀይር እግሯ ይበቅላል» አለችው። ጉተማ ወደ እኔ ዞረ። እግሩ የተሰበረ በሬ ሲታረድ እንጂ እግር ሲበቅል አይቶ አያውቅም። ልታጽናናው የዋሸች መሰለው፤ እኔም እንደዚያው ነው የመሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ፌኔት ክፍል እየገባ እግሮቿን ይቆጥር ጀመር።

ጥር ላይ ፌኔት ዩኒቨርሲቲ በዋለችበት ቀን ሸረሪቷ እንደገና ተንጋለለች። ጉተማ ወንበር አስጠግቶ፣ ሁለት እጆቹን ጭኑ ሥር ከቶ ተቀመጠ።

«እጄን አላምነውም» አለኝ። ምሳም አልበላ።

አመሻሽ ላይ ከቆዳዋ ወጣች። ጉተማ ዓይኑን ጨፈነ። «አልችልም፤ አንተ ቁጠርልኝ።»

ከበሩ የማላልፈው ሰው ገባሁ። አንዱ እግር ቀጠን፣ አጠር ያለ ነው፤ ግን እግር ነው።

«ስምንት» አልኩት።

ዓይኑን ሳይገልጥ «ደግመህ ቁጠር» አለኝ።