ቆርበሽማ አትነኪኝም

ልጅ እያለሁ እሑድ ማለት እናቴ የምትቀመጥበት ቀን ማለት ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ ናርሲንግ ሆም አቅመ ደካሞችን ታጥባለች፤ ከሰዓት በኋላ ዳውንታውን ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፤ ማታ ቤት ስትገባ ኮቷን ሳታወልቅ ነው ድስት የምትጥደው። እሑድ ግን ትቆርባለች። በእናቴ ሕግ ደግሞ የቆረበ ሰው ሥራ አይነካም።

ሕጉን ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ። ካቶሊክ ሆና ነው ያደገችው፤ የቁርባንን ነገር ግን ያስተማረቻት ኦርቶዶክስ የነበረች አያቷ ናት። ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፍ አይዞርም። ቆርበው ሲመለሱ አፍ በነጠላ ይሸፈናል። አይተፋም፣ ገላ አይታጠብም፣ በባዶ እግር አይኬድም፣ እድፍ ነገር በእጅ አይነካም። ስለዚህ ቅዳሜ ሁሉን አብስላ ትጨርስና እሑድ ሶፋው ላይ ቁጭ ትላለች፤ በገዛ ቤቷ እንግዳ ትሆናለች። እኔ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጌ እጋደማለሁ። ነጠላዋ የዱቄት ሳሙናና የጧፍ ሽታ ነበረው። ቴሌቪዥኑን ድምፁን ቀንሰን የአሜሪካኖቹን ፉትቦል እናያለን፤ አጨዋወቱ ለሁለታችንም አይገባንም። አባቴ እሑድ ታክሲ ስለሚነዳ ቤቱ የእኛ የሁለታችን ብቻ ነበር። በሳምንት ውስጥ እናት ያለኝ ያኔ ነው፤ ማጋነን አይደለም።

ጊዜው በፈረንጆቹ የሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው። የእኛ የግዕዝ ቅዳሴ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ የራሳችን ቤተ ክርስቲያንም አልነበረንም። አሜሪካኖቹ የእነሱ ቅዳሴ ሲያልቅ ምድር ቤት ያለውን አዳራሻቸውን ያውሱናል። ገብተን መጀመሪያ የምናደርገው የልጆቻቸውን የዶናት ፍርፋሪ መጥረግ ነበር። የሚቀድሱልን አባ ኪዳነ ለትምህርት የመጡ ወጣት ቄስ ነበሩ፤ ሲሰብኩ አያስረዝሙም፣ በዚህ ሁሉም ሰው ይወዳቸዋል።

አንድ እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ተክሌ የሚባል ሰው ተነሥቶ ቆመ። አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው፤ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። እናቱ እማማ ጽጌ አልጋ ላይ ከዋሉ ከርመዋል። በሥራ ቀናትና ቅዳሜ የምታጥባቸው ሠራተኛ ትመጣለች፤ እሑድ ግን ማንም የለም። ተክሌ ላጥብሽ ቢላቸው እሺ አላሉም። “ከሆዴ የወጣ ልጅ ገላዬን አያይም” ብለው አንሶላውን በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ይይዙበታል። ከቅዳሜ ጠዋት እስከ ሰኞ በረጠበ ዳይፐር እየዋሉ እያደሩ ጀርባቸው ቆስሏል። የካውንቲዋ ነርስ ቁስሉን አይታ፣ እየባሰ ከሄደ ናርሲንግ ሆም እንደምታስገባቸው ነግራዋለች።

“እዚያ በማን ቋንቋ ውሃ ልትጠይቅ ነው?” አለ ተክሌ።

አባ ኪዳነ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። “እሑድ እሑድ ማን ይሄድላቸዋል?”

ሴቶቹ በሙሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ መሬት መሬት ያያሉ። አንዷ ያላለቀሰ ልጇን ታባብላለች። በመጨረሻ አፏን የገለጠችው እናቴ ናት፤ ከመካከላቸው ይህንን ሥራ የምታውቀው እሷ ስለነበረች ዝም ማለቱ ሳይከብዳት አልቀረም።

“አባ፣ ቆርበን እኮ ነው ያለነው። ቆርቤ ዳይፐር ልቀይር?”

“ይህንን የሰጠን ጌታ በዚያችው ማዕድ ላይ ፎጣ ታጥቆ እግር አጥቧል እኮ” አሉ አባ።

“እሱ ጌታ ነዋ! እኔ ብርሃኔ ነኝ።”

ሴቶቹ በነጠላቸው ውስጥ ሳቁ። አባ ኪዳነም ፈገግ አሉ፤ ክርክሩን ግን አልገፉበትም። ተክሌ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። መኪና ውስጥ እናቴ መንገዱ ሲጋመስ፣ “እሄዳለሁ። አልቆርብም እንጂ እሄዳለሁ” አለች። ለራሷ ነው የተናገረችው።

መላው ይኸው ነበር፤ ማጠብም ሆነ፣ ሥጋ ወደሙን ማክበርም ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ታስቀድሳለች፣ ሰው ለመቁረብ ሲነሣ እሷ ወንበሯ ላይ ትቀራለች፣ ከዚያ ቤልትዌይ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዛ ወደ አሌክሳንድሪያ። እኔን ጎረቤት ታስቀምጠኛለች። ሐሜቱ ሦስተኛ ሳምንት ሳይሞላ ጀመረ። “ብርሃኔ ምን ሆና ነው የማትቆርበው?” “እኔንጃ፣ ቤታቸው ሰላም አይመስለኝም።” እንዲህ የሚሉት ያን ዕለት መሬት መሬት ሲያዩ የነበሩት ናቸው። ጉዳዩን ያውቃሉ፤ ግን ኃጢአት ከሆነ ለወሬ ይሻላል። እናቴ ለማንም መልስ አልሰጠችም። አንድ እሑድ ሰልፉ በአጠገቧ ሲያልፍ እንባዋ በአፍንጫዋ ጫፍ ሲወርድ አየሁ፤ በነጠላዋ ጠረግ አድርጋ የመዝሙር ወረቀቷን አገላበጠች። አሳዘነችኝ። ደግሞም ተናደድኩባት። እሑዴንም ወሰደች፣ የራሷንም አጣች። ለማን ብላ?

በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ቁርባን እዘጋጅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሜሪካኖቹ ልጆች ጋር እማራለሁ፤ መምህሯ የክርስቶስ ሥጋ መሆኑን ታስረዳናለች፣ እኛ ጣዕሙ ምን እንደሚመስል እንከራከራለን። እናቴ ቀኑ ሳይደርስ ቃል ገባችልኝ። “ያንቺ ቀን አብረን እንቆርባለን። ከዚያ የትም አልሄድም፤ ውዬ አድሬ ያንቺ ነኝ።” ለተክሌም ነገረችው። ቅዳሜ ሠራተኛዋ ስለምትመጣ አንዲት እሑድ ብታልፍ ችግር የለም ተባባሉ።

ቀኑ ደረሰ። ነጭ ቀሚስ ለብሻለሁ፤ አንገቴ ላይ ይበላኛል፣ ግን ሞቼ አላወልቀውም። ከእናቴ ጋር ጎን ለጎን ቀረብን። ስንመለስ የነጠላዋን ጫፍ ጎትታ የእኔንም አፍ ሸፈነች፤ በአንድ ነጠላ ሁለታችን። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቤት ስንገባ ዶሮው በዋዜማው ተሠርቷል፣ ኬኩ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ የአባቴ ወንድምና ሚስቱ ካሜራ ይዘው ተቀምጠዋል። እናቴ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። እኔም ቀሚሴ እንዳይጨማደድ ተጠንቅቄ አጠገቧ ልቀመጥ ስል ስልኩ ጮኸ።

ተክሌ ነው። ቅዳሜ ሠራተኛዋ አልመጣችም። እማማ ጽጌ ከዓርብ ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። ነርሷ ደግሞ ነገ ጠዋት መጥታ ጀርባቸውን ልታይ ነው።

እናቴ ስልኩን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው እጇ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደጫነች ቆመች። ምን እንደምታስብ አውቄያለሁ፤ ዛሬ ቆርባለች።

“ማሚ፣ ዩ ፕሮሚስድ!” አልኳት።

አየችኝ። “እንዳልሽው ነው፤ ቃል ገብቻለሁ” አለች። “ነይ እንግዲህ፣ አብረን እንሂድ።” ኮቴን አለበሰችኝ። የአባቴ ወንድም ፎቶው እንኳ ይነሣ ቢል አልሰማችውም።

መንገዱን ሙሉ እኔ አኩርፌ፣ እሷ አፏን ሸፍና። ሳፋ፣ ሁለት ፎጣና የሕፃን ሳሙና ከኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። ተክሌ በሩን ከፍቶልን ዓይናችንን ሳያይ ጃኬቱን አንሥቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። የቤቱ ሽታ ቀድሞ ተቀበለን፤ ቀሚሴን ሰብሰብ አደረግሁ።

እማማ ጽጌ ትንሽ ሴት ነበሩ። ትራሱ ላይ የሚታየው ፊታቸው ብቻ ነው። እናቴን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ወዲያው እኔን፣ ነጩን ቀሚስ፣ በእናቴ አፍ ላይ ያለውን ነጠላ አዩና አንሶላውን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

“ቆርበሻል?”

“ቆርቤያለሁ፣ እማማ።”

“ሂጂ! በይ ሂጂልኝ። ቆርበሽማ አትነኪኝም።”

“እማማ፣ ነርሷ ነገ...”

“ትውሰደኝ! ከፈለገች ትጣለኝ። በስተርጅና የሰው ቁርባን አላረክስም። ሥጋ ወደሙን ይዘሽ በእኔ ጉድ ልትነክሪው? ኧረ ኡኡ! ተክሌ! ውሰድልኝ እቺን ልጅ!”

እናቴ ክው ብላ ቀረች። ከሁለት ወር በፊት ራሷ ለአባ ያለችው ነው መልሶ የመጣባት፤ ያውም ናርሲንግ ሆም ሊገቡ የደረሱት ሴትዮ ናቸው የሚሏት። እኔ እንመለሳለን ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ አልዋሽም። ከዚያ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

“እማማ” አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ዛሬ ብቻዬን አልመጣሁም እኮ። እሱን ይዤው ነው የመጣሁት። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶ ከበር ልመልሰው?”

እማማ ጽጌ የያዙትን አንሶላ ላላ አደረጉ። በሕይወታቸው እንግዳ ከበር መልሰው የሚያውቁ ሴት አልነበሩም።

“ኧረ ምን በወጣው!” አሉ መጨረሻ ላይ፤ እንባቸው በጆሯቸው በኩል ትራሱ ላይ እየወረደ። “በሞቴ ይግባ። ብቻ... ቤቱ እንዲህ ሆኖ አገኘው።”

“ለእሱ ብለው እኮ ነው የሚታጠቡት” አለች እናቴና እጅጌዋን ሰበሰበች።

እኔን ሳሎን እንድቆይ አዝዛኝ ነበር፤ ግን በጎናቸው ስታዞራቸው የሚይዝላት ሰው ስላልነበረ ጠራችኝ። “እኔ እኮ ቆርቤያለሁ” አልኳት። “ለዚህ ነው የጠራሁሽ” አለችኝ። ትከሻቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ። እንደ ወፍ ቀላል ነበሩ። ቁስሉ ከወገባቸው በታች ነው፤ ጡጫዬን ያክላል፣ ዳር ዳሩ ቀይ ነው። እናቴ ለብ ያለ ውሃ እየነከረች ቀስ ብላ፣ ቸኩላ የማታውቅ ይመስል፣ ከትከሻ እስከ እግር ጣት አጠበቻቸው። አንሶላው ተቀየረ። እማማ ጽጌ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ቀሚሴ እጅጌው ላይ ረጠበ፤ እናቴ አይታ ማጠቧን ቀጠለች።

ነርሷ በነጋታው መጥታ አየች፤ ንጽሕናው ደህና ነው ብላ አንድ ወር ጨመረችላቸው። ከዚያ ሌላ ወር። እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ አንድም እሑድ ሳትቆርብ አልቀረችም፤ ከአዳራሹ በቀጥታ ወደ አሌክሳንድሪያ ነው። ሐሜተኞቹም አንድ ሁለት እያሉ አብረዋት ለመሄድ ተራ ያዙ። እማማ ጽጌ ከሁለት ዓመት በኋላ በልጃቸው ቤት፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ዐረፉ። እኔ ግን እናቴን ይቅር ለማለት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ሶፋው ላይ አብረን የምንቀመጥበት ቀን በዚያው አበቃ። ልጅ ነበርኩ፤ እናቴን ፈልጌ ነበር።

አሁን የራሳችን ቤተ ክርስቲያን አለን፤ ፓርኪንግ ለማግኘት ቀድሞ መድረስ ነው። በር ላይ የበጎ አገልግሎት መመዝገቢያ አለ፤ እኔም በዓመት አንዴ ሁለቴ ስሜን እጽፋለሁ። ቆርቤ ስወጣ ጀርመንታውን ቤቴ እስክደርስ ስለ ምሳ ነው የማስበው። ይህንን ስል እያዘንኩ ነው፤ ግን ልክ እንደዚያው ነው።

በቅርቡ እናቴን ስለዚያ ቀን ጠየቅኋት። አሁን አርጅታለች፤ የዱሮ ነገር ግን አይጠፋባትም። “ብቻዬን አልመጣሁም፣ ከበር ልመልሰው ወይ ያልሽው እንዴት መጣልሽ?” አልኳት። ያንን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ስናገረው ኖሬያለሁ።

“እንደዚያ አልኩ?” አለች ተገርማ። ትንሽ ለማስታወስ ሞከረችና ተወችው። “እኔንጃ ልጄ። እኔ የማስታውሰው ጀርባቸው መዳኑን ነው።”