የጎመኑ ትል

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ዞሰንሃይም በሚባል ሰፈር ካለችኝ ቁራሽ የአትክልት ቦታ አጠገብ አንድ አዛውንት ኤርትራዊ ጎረቤት አሉኝ። አምና በጸደይ በጨርቅ የተቋጠረ የጎመን ዘር አመጡልኝ። ባለቤታቸው ከማረፋቸው በፊት በእጃቸው የለቀሙት የመጨረሻ ዘር ነው። «ልጄ፣ ጉልበቴ ካፑት ሆኗል፤ አልታዘዝ ብሎኛል። ሁሉንም ዝሪውና ሲያፈራ ዘሩን ትመልሽልኛለሽ» አሉኝ። እኔም ቃሌን ሰጠሁ።

ጎመኑ አምሮበት በቀለ። ሰኔ ላይ ግን ቅጠሉ ወንፊት ሆኖ ይጠብቀኝ ጀመር። ቀን ብፈልግ፣ ብፈልግ ምንም የለም። ንዴቴን በቀንድ አውጣዎቹ ላይ ተወጣሁት፤ ለቅሜ ጨረስኳቸው፣ ጎመኑ መበላቱን አልተወም። አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ በቀጥታ ሄድኩና ቅጠሉ ላይ ያዝኩት፤ አረንጓዴ፣ ወፍራም ትል። ማንነቱን ሳላውቅ አልገድለውም ብዬ አፈርና ቅጠል ባለበት የማርማላታ ጠርሙስ ከትቼ ወደ ቤት ወሰድኩት።

ጥቂት ቀን በልቶ አፈሩ ውስጥ ገባ። ሞተ ብዬ አፈሩን ስገለብጠው ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባቄላ የሚያህል ነገር ወደቀ። ስነካው ጭራውን አወዛወዘ። ክው አልኩ።

አውቀዋለሁ! ልጆች ሆነን እኔና እህቴ መዳፋችን ላይ አድርገን «አባባ በየት በኩል ይመጣል?» እንለው ነበር፤ ጭራው ወደዞረበት ሮጠን እንጠብቃለን። ዘሩን ከመዝራቴ በፊት መሬቱን ስቆፍር ሰባት ስምንቱን አግኝቼ፣ የልጅነት መጫወቻዬ ነው ብዬ አንድ በአንድ መልሼ ቀብሬያቸው ነበር። ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ ደግሞ!

ከሳምንታት በኋላ ከጠርሙሱ አመድማ የእሳት እራት ወጣች። ክንፏ ላይ ጠርዙ ነጭ የሆነ፣ ኩላሊት የመሰለ ምልክት አለ። ስልኬ ላይ ካለው ፎቶ ጋር ሳመሳክራት የታወቀች የጎመን ጠላት ናት። ቅጠል ሥር እንቁላል ትጥላለች፣ ትሏ በጨለማ ይበላል፣ ብርዱን አፈር ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል። ያኖርኳት እኔው ነኝ።

አፍሬ አዛውንቱን ወደ መደቡ ጠራኋቸው። ከአንድ ግንድ በቀር የተረፈ አልነበረም። «አባባ፣ ዘርዎን ያስበላሁት እኔ ነኝ» ብዬ የልጅነት ጨዋታውን ጭምር ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው አፈሩን ጫር ጫር አደረጉና ከነዚያ ቡናማዎቹ አንዷን አወጡ። መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ቀስ ብለው «ባለቤቴ በየት በኩል ናት?» አሏት።

ጭራዋ ዞረ። ወዴት እንደዞረ እኔ አላየሁም፤ እሳቸው ግን ወደዚያው ጥቂት ተመለከቱ። ከዚያ መሬት ጥለው በጫማቸው ረገጧትና «ያቺን አንዷን ግንድ ጠብቂልኝ» አሉኝ።